እንፋሎት የሌለው ካውያ

ጥርጣሬዬ የጀመረው በካውያ ነው። ከቤቴ ሥር ያለውን ቤዝመንት የተከራየው ሩፋኤል የሚባል ልጅ፣ ከገባ ሁለት ወር ሳይሞላው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ካውያ ገዝቶ መጣ። ይህ ልጅ ከተተኮሰ ሸሚዝ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጠዋት ወደሚሠራበት መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ ሲሄድ የሚለብሰውን ሹራብ ለብሶ ይመለሳል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚስምበት ቀን ሲሆንም ከላይ ነጠላ ጣል ያደርግበታል እንጂ አይቀይረውም። "ካውያ ካስፈለገህ የኔን ውሰድ፤ እንፋሎት ያለው ጥሩ ካውያ ነው" አልኩት።

"አይ ጋሼ ሰብስቤ፣ እኔ የምፈልገው እንፋሎት የሌለውን ነው" አለኝና የካውያውን ሆድ ገልብጦ አሳየኝ። አንድ ቀዳዳ የለውም፤ ልሙጥ ነው፣ የድሮ ዕቃ። ሦስት ሱቅ ዞሮ ነው ያገኘው። ደህናውን ካውያ በነፃ እየሰጡት የባሰውን ፍለጋ ሦስት ሱቅ የሚዞር ሰው ሳይ ዝም ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

ተጠራጣሪ ነህ ይሉኛል። ነኝ። ኮሎምበስ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሽማግሌዎችን ከቤታቸው ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤታቸው በቫን ሳመላልስ፣ "ደህና ነኝ" የሚል ሁሉ ደህና እንዳልሆነ ተምሬያለሁ። ባለቤቴ ብርነሽ በሕይወት ሳለች "አንተ እኮ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆንልህም ለምን ሆነ ትላለህ" እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ኢስትሙር ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ የቀረነው እኔና ልጄ ሶልያና ነን። ሶልያና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ነርሲንግ ትማራለች፣ መዘምራን ውስጥ ታገለግላለች። እሷን ካጣሁ ሌላ የማጣው የለኝም። ስለዚህ ዓይኔ ከእሷ ላይ አይነሳም፤ ከእሷ አጠገብ ከሚደርስ ሰው ላይም አይነሳም።

ከካውያው ቀጥሎ ወረቀት መጣ። በየሳምንቱ ፖስታ ሳጥን ውስጥ የሚከቱልን የግሮሰሪ ማስታወቂያ አለ፤ ዶሮና ሙዝ የታተመበት፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት። እኔ ሳላየው ነው ቆሻሻ ውስጥ የምጥለው። ሩፋኤል ግን "ጋሼ፣ እባክዎ አይጣሉብኝ" ብሎ ይሰበስበው ጀመር። ከዚያ የፕላስቲክ ጓንት ገዛ። ከዚያ የዓይን መከላከያ መነጽር። ከዚያ ቡናማ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ በፖስታ መጣለት። በመጨረሻ ደግሞ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይዞ ሲገባ አየሁት። ሚስት የሌለው፣ እህት የሌለው፣ ጥፍሩን በጥርሱ የሚቆርጥ ወንድ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ምን ያደርግለታል? ቅዳሜ ቅዳሜ ከወለሉ ሥር የጥርስ ሐኪም ቤት ድምፅ ይሰማኛል። ዚዝ ይልና ያቆማል፣ እንደገና ዚዝ ይልና ያቆማል። እኔ ከላይ ሶፋዬ ላይ ሆኜ እቆጥራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ወርጄ ጠየቅሁት። አልደነገጠም። አለመደንገጡም አላማረኝም። ከጠረጴዛው ላይ መዳፍ የምታህል ዝርግ ነገር አነሳ፤ አንዱ ፊቷ በሙሉ መዳብ ነው።

"ሰርኪት ቦርድ እየሠራሁ ነው ጋሼ። መስመሩን መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ይሥሉታል፤ ከዚያ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ፕሪንት ያደርጉታል። ወረቀቱን መዳቡ ላይ አድርገው በካውያ ሲተኩሱት ቀለሙ ከወረቀቱ ለቆ መዳቡ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ እዚህ ፈሳሽ ውስጥ ይነክሩታል። ፈሳሹ ቀለም የሌለበትን መዳብ በሙሉ ይበላዋል፤ ቀለም የሸፈነው መስመር ብቻ ይተርፋል። ቀለሙን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይጠርጉታል፣ በትንሽ ድሪል ይበሱታል፣ አለቀ። ኤሌክትሪኩ በመስመሩ ይሄዳል።"

"ተሠርቶ የሚሸጥ የለም እንዴ?"

"ሞልቷል። ኦርደር ካደረጉ ከቻይና በርካሽ ይመጣል።"

"ታዲያ?"

"ሆቢ ነው ጋሼ። በእጄ ስሠራው ደስ ይለኛል።"

እንግዲህ አስቡት። በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ በቀን አሥር ሰዓት ሙሉ ካርቶን ሲያነሳ የሚውል ሰው፣ በርካሽ ተሠርቶ የሚመጣ ነገር በእጁ ለመሥራት በአሲድ ይጫወታል፤ ለምን ሲባል ደስ ይለኛል ይላል። እኔ በሱ ዕድሜ ደስ የሚለኝ መተኛት ነበር። "ጎበዝ" ብዬው ወጣሁ። አላመንኩትም።

ይህን ሁሉ እንኳ እተወው ነበር፤ ልብሱ ባይመጣ ኖሮ። የልብስ ማጠቢያችን ያለው ቤዝመንት ነው። ሶልያና ድሮ ልብስ የምታጥበው በሳምንት አንዴ፣ እሱንም ስጨቀጭቃት ነበር። አሁን በሳምንት ሦስት ጊዜ ቅርጫት ይዛ ትወርዳለች። ሁለት ሰው ባለበት ቤት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቁሜ ቅርጫቱን አየሁት፤ ትናንት አጥባ ያጠፈችው ፎጣ ነው። "ሽታ አለው" አለችኝ። አሸተትኩት። የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው።

በዚያው ሳምንት እራት ላይ አውራ ጣቷ ጥፍር ዙሪያ ቢጫ ነገር አየሁ። "ምንድነው እሱ?" አልኳት።

"እርድ ነው አባዬ።"

ልጄ በዕድሜዋ የእርድ ዕቃ ከፍታ አታውቅም። እዚህ ቤት አልጫ የምሠራው እኔ ነኝ። በልቤ መዘገብኩት። ድሮ ስለ ትምህርቷ ሳልጠይቃት ታወራኝ ነበር፤ መርፌ የሚለማመዱበትን አሻንጉሊት በሽተኛ ሳይቀር ስም አውጥታለት ታስቀኝ ነበር። አሁን "ትምህርት እንዴት ነው?" ስላት "ፋይን" ትላለች። ፋይን የሚለው ቃል በሩን ዘግቶ የሚያስቀር ቃል ነው።

ሐሙስ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ከመድረሱ በፊት ከረጢቱን ሳወጣ ተቀደደብኝ። ከወደቀው ወረቀት መሀል አንዱ ያ የግሮሰሪ ማስታወቂያ ነው። የተጠበሰው ዶሮ ላይ ጥቁር መስመሮች ታትመዋል፤ ይጠማዘዛሉ፣ ነጠብጣብ ላይ ይቆማሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። ጥጉ ላይ ደግሞ ጽሑፍ አለ። የኛ ፊደል ነው፣ ግን አይነበብም። ወረቀቱን ዘቅዝቄ አየሁት፤ አሁንም አይነበብም። ቤት ገብቼ መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ያዝኩት። መስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ተነበበ፤ "ሶልያና" ይላል።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ጥሎት ያልፍ ነበር። እኔ ግን ይህን ሥራ አውቀዋለሁ።

አባቴ ቢቸና ውስጥ የታወቀ ደብተራ ነበር። በቀን ዜማ ያስተምራል፤ በጓሮ በር ለሚመጡት ደግሞ ክታብ ይጽፋል። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ያስተማረኝ እሱ ነው። ትንፋሽህን ያዝ፣ ክንድህን ሳይሆን ትከሻህን አንቀሳቅስ ይለኝ ነበር። ጎበዝ ነበርኩ፤ በኔ እጅ ይኮራ ነበር። አንድ ቀን መስተፋቅር ሲጽፍ የሴቲቱን ስም ገልብጦ ሲጽፈው አየሁ። ለምን ብዬ ስጠይቀው የሴቲቱ ልብ ከቤተሰቦቿ ዞሮ ወደ ሰውዬው እንዲመለስ ነው አለኝ። ያቺን ሴት ገበያ ላይ አውቃታለሁ። ከወር በኋላ ከወንድሞቿ ቤት ወጥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

አዲስ አበባ ገብቼ ጌታን ከተቀበልኩ በኋላ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ላይ፣ ቢቸና ተመልሼ ከአባቴ ሣጥን ውስጥ ያሉትን ክታቦች በሙሉ አወጣሁና ጓሮ አቃጠልኳቸው። ከማኅሌት ሲመለስ አመዱን አየው። አልተቆጣም። "ጨረስክ?" ብቻ አለኝ። በማግስቱ ገበያ ወርዶ ቁልፍ ገዛና ባዶውን ሣጥን ቆለፈው። ለሠርጌ ልጠራው ስሄድም ተቆልፎ ነበር፤ ልቀብረው ስሄድም እንደተቆለፈ ነው ያገኘሁት። ባዶ ሣጥን የሚቆልፍ ሽማግሌ ብዬ ለብርነሽ እያወራሁ እስቅ ነበር።

ያን ሐሙስ ግን አልሳቅሁም። መዳቡ፣ አሲዱ፣ በእሳት የሚተኮሰው ወረቀት፣ ሦስት ጊዜ የሚታጠበው ፎጣ፣ "ፋይን" የሚለው መልስ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። መዳብ ላይ የልጄን ስም ገልብጦ የሚጽፍ ኤሌክትሪክ የለም።

ለጸሎት ጓደኛዬ ለወንድም ኤርምያስ ኮል አደረግሁለት። ብሌንደን ታውንሺፕ ነው የሚኖረው፤ ነገር የማያካብድ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሰው ነው። ሁሉን ነገርኩት። ስጨርስ "ጠይቃት እስቲ" አለኝ።

"መስተፋቅር የተደረገባት ልጅ ትናገራለች?"

"ለማንኛውም ጠይቃት ሰብስቤ። ልጅህ እኮ ናት።"

እጸልይበታለሁ ብዬ ዘጋሁ። አልጸለይኩም፤ አልጠየቅኋትምም። ብጠይቃት ለሱ ትነግረዋለች፣ እሱ ደግሞ ዕቃውን ይሸሽጋል ብዬ ፈራሁ። እስከ እሑድ በሆዴ ይዤው ቆየሁ።

እሑድ ጠዋት ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። ሶልያና ለመዘምራን ልምምድ ቀድማ ሄደች። ሩፋኤል በዚያ ሳምንት እሑድም ሥራ ገብቷል። የክፍሉን መለዋወጫ ቁልፍ ይዤ ወረድኩ። ሌላው ቢቀር ለሰው በር ማንኳኳት ይገባ ነበር፤ ቤቱ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ እጄ ለማንኳኳት ተነስቶ ነበር። መለስኩት።

ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ተሸፍኗል፤ ያ ሁልጊዜ የሚታጠበው ፎጣ። ገለጥኩት። ቦርዱ ከሥሩ ተኝቷል። ትንንሽ መብራቶች ተበይደውበታል፣ ባትሪ ታስሮበታል። ገልብጬ የመዳቡን ፊት አየሁት። ጥጉ ላይ ስሟ አለ፤ ወረቀቱ ላይ የተገለበጠው ስም መዳቡ ላይ ቀጥ ብሎ ተጽፏል። ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን የደመደምኩት ሥራው አልቋል ብዬ ነው። መስመሮቹ በጣም ያምሩ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ፣ በእኩል ርቀት፣ ረጋ ብሎ የተሠራ ነገር ነው። ማማራቸው ይብስ አናደደኝ።

በኢየሱስ ስም አልኩና ደረጃው ጠርዝ ላይ አስደግፌ ረገጥኩት። ለሁለት ተሰበረ። ካውያውን አንስቼ ሲሚንቶው ላይ ወረወርኩት፤ ሆዱ ጎደጎደ። ከዚያ ቡናማው ፈሳሽ ያለበትን የፕላስቲክ ሳህን ይዤ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለው ሲንክ ውስጥ ደፋሁት። ስቸኩል ግማሹ እጄ ላይ ፈሰሰ። ደስ አለኝ ማለት እችላለሁ። ልጄን ከእሳት ያወጣኋት መስሎኝ ነበር።

ላይ ወጥቼ እጄን ታጠብኩ። ቢጫው አልለቀቀም። በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፤ እንዲያውም ጥፍሮቼ ዙሪያ እየጠቆረ መጣ። ሶልያና ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሶፋው ላይ መዳፌን ጭኔ ሥር ሸጉጬ ተቀምጬ አገኘችኝ። ውሃ ልታቀብለኝ መጣች፤ ብርጭቆውን ስቀበል እጄን አየችው።

"አባዬ፣ እጅህ ምን ሆነ?"

"እርድ ነው" አልኳት።

የራሷን አውራ ጣት አየች፣ የኔን እጅ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ታች ሮጠች። ስትመለስ ሁለቱን ስባሪ በሁለት እጇ ይዛለች።

"ኋይ?" አለች። ቆየችና በአማርኛ ደገመችው። "ለምን?"

የዶሮውን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። "ስምሽን ገልብጦ ጽፎታል" አልኳት። "አያትሽ ይህን ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ሰው መተት እያደረገብሽ ነው።"

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። የምለው ነገር የገባት ቀስ ብሎ ነው። "ሚረር ነው፣ የመስታወት ግልባጭ" አለች። "ወረቀቱ መዳቡ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነው የሚተኮሰው። ገልብጠህ ካላተምከው መዳቡ ላይ ተገልብጦ ይወጣል። ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው አባዬ።"

"ስምሽን ምን አገባውና ይጽፋል?"

"እሱ አይደለም የጻፈው። እኔ ነኝ። ቦርዱ የኔ ነው። ዲዛይን ያደረግሁት እኔ፣ የበየድኩት እኔ። የሠራው ሰው ስሙን ጥጉ ላይ ያስቀምጣል።"

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ቆማ ነው የነገረችኝ። ነርሲንግ ካቆመች ሁለት ሴሚስተር ሆኗታል። አሁን የምትማረው ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው። አንድ ቀን ልብስ ልታጥብ ስትወርድ ሩፋኤል ሲሠራ አየችው፣ አስተምረኝ አለችው፣ አስተማራት። ማክሰኞ ጠዋት በዌስተርቪል በኩል አንድ ኩባንያ ውስጥ ለበጋ ሥራ ኢንተርቪው አላት። በእጅሽ የሠራሽውን ነገር ይዘሽ ነይ ብለዋታል። ይዛ ልትሄድ ያሰበችው ይህን ነበር፤ ለመዘምራን ምት የሚጠብቅ፣ ፍጥነቱን እየጨመሩና እየቀነሱ የሚያስተካክሉት መብራት። አንድ ወር ፈጅቶባታል።

"ሩፋኤል ደግሞ አዲስ አበባ እጮኛ አለችው" አለችኝ። "ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አላየኸውም?"

ጠረጴዛውን ብቻ ነው ያየሁት። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። የቀረኝ ቃል እሱ ነበር።

"ብነግርህ መጀመሪያ የምትለኝ 'ማነው ያሳሳተሽ?' ነው።"

እውነትም አፌ ላይ የነበረው ጥያቄ እሱ ነበር።

ሩፋኤል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ገባ። ደረጃው ላይ ሆኜ ጠበቅሁት። የተሰበረውን አየ፣ ካውያውን አየ፣ ሲንኩን አየ። የሲንኩ ማስወጫ ዙሪያ ያለው ብረት ጠቁሮ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ "ውጣልኝ" የሚለውን ቃል ሳዘጋጅ ከርሜ፣ አሁን እሱ የሚሰድበኝን ስድብ ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

"ፈሳሹ ዓይንዎ ውስጥ አልገባም ጋሼ?" አለኝ።

"አልገባም።"

"እሱ ይሻላል። ሲንክ ውስጥ ግን አይደፋም ነበር፤ ቧንቧ ይበላል።" ጎንበስ ብሎ ካውያውን አነሳውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ልውጣ ጋሼ?"

"አይ" አልኩት። ሌላ ነገር ልጨምርበት ፈልጌ ነበር፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል እስካወጣ ግን በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶታል።

ሰኞ ከሰዓት ቦርዱን እንደገና ለመሥራት ተሰበሰብን። ሩፋኤል ፈረቃውን ቀይሮ ከሌሊቱ ጀምሮ ሲሠራ ውሎ በጊዜ መጣ። አንድ ትርፍ የመዳብ ቁራጭ ነበራቸው። ፈሳሹ በፖስታ እስኪመጣ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሩፋኤል ግን ከፋርማሲ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ከኔ ኩሽና ኮምጣጤና ጨው አደባልቆ ሌላ ዓይነት አዘጋጀ። ቀርፋፋ ነው፣ ይሠራል ግን አለ። የጎደለው ካውያ ነበር። እኔ ሮጬ የኔን አመጣሁ፤ ያንን እንፋሎት ያለውን፣ ጥሩውን።

ሶልያና ተኮሰችው፣ ውሃ ውስጥ ነክራ ወረቀቱን ላጠችው። ከቀለሙ መስመሮች መሀል አንዳንዱ ተቆራርጦ ወጣ። ጠርጋ ደገመችው፤ እንደገና ተቆራረጠ። ካውያውን ገልብጣ ሆዱን አሳየችኝ። መስመሮቹ የተቆረጡት እንፋሎቱ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ባሉበት ቦታ ነው። ሩፋኤል ለምን ሦስት ሱቅ እንደዞረ ያኔ ገባኝ።

"በማርከር መሙላት ይቻላል" አለ ሩፋኤል። "ቀጭኑ ማርከር ቀለሙን ይተካል። ግን መስመሮቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ ከተነካካ አለቀ።" ማርከሩን ያዘና እጁን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ካርቶን ሲያነሳ የዋለ እጅ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። ሶልያና ሞከረች፣ የመጀመሪያውን አበላሸችው፣ ጠረገችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እኔ ልሞክር" አልኩ።

ሶልያና ያየችኝ አስተያየት ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ነው። ሩፋኤል መብራቱን አስጠጋልኝ። ልጄ ማርከሩን ሰጠችኝ፤ ስትሰጠኝ ግን ወዲያው አልለቀቀችውም።

ተቀመጥኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ክንዴን ሳይሆን ትከሻዬን አንቀሳቀስኩ። እጄ ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሠራውን ሥራ አልረሳውም። አሥራ አንድ ቦታ ነበር የተቆረጠው፤ አሥሩን ሞላሁ። አሥራ አንደኛው ስሟ ላይ ነበር፤ ከፊደሎቹ የአንዱ እግር ጎድሏል። እሱንም ሞላሁት። ሶልያና እስክጨርስ ከትከሻዬ በላይ ቆማ ነበር። ቦርዱን አልነበረም የምታየው፣ እጄን ነው። እኔ ሩፋኤልን ስከታተልበት በነበረው ዓይን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ትከታተል ነበር። የዚያ ዓይን ክብደት እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ስጨርስ ቦርዱን ወሰደችና በማጉያ መነጽር ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ አየችው፤ እኔ ያልነካሁትን ሳይቀር። "ልክ ነው" አለች ለሩፋኤል። ፈሳሹ ውስጥ ነከሩት። ፈሳሹ ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ተለወጠ፣ መዳቡ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፣ መስመሮቹ ቀሩ። ቀዳዳዎቹን በሳች፤ ከተሰበረው ላይ የነቀለቻቸውን ዕቃዎች መልሳ በየደች። ባትሪውን ስታገናኘው መብራቱ በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። ሩፋኤል ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ወደኔ የዞረ አልነበረም።

ቦርዱን ፎጣው ሥር አስገባችው። ከዚያ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

"አባዬ፣ የዚህን በር ቁልፍ ስጠኝ።"

የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ከቫኔ ቁልፍ ጋር ከታሰረበት ቀለበት ላይ በነዚያ በቢጫ ጣቶቼ ታግዬ ፈታሁትና ሰጠኋት። እሷ ለሩፋኤል አቀበለችው። ሩፋኤል ሊቀበላት አፈረ፤ መሬት መሬት እያየ ተቀበለ።

ደረጃውን ስንወጣ እሷ ከፊት ነበረች። "ነገ ዌስተርቪል እኔ ላድርስሽ?" አልኳት። ሥራዬ ሰው ማድረስ ነው።

"ሩፋኤል ያደርሰኛል" አለች ሳትዞር።

ከኋላችን በሩ ተዘጋ፣ ቁልፉ ዞረ። ደረጃው መሀል ላይ ቆምኩ። የአባቴ ባዶ ሣጥን ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት የሳቅሁበት ውስጡ ምንም የለም ብዬ ነበር። አባቴም ምንም እንደሌለበት ያውቅ ነበር፤ ቁልፉን የገዛው በኔ ላይ ሊቆልፈው ነው።